ለናዳም ሞንጎሊያ ልንሄድ ነው፤ ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ፣ ማታስ የት እንሂድ?

የለገጣፎው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በመጪው ክረምት ወደ ሞንጎሊያ ልንሄድ ነው። በዋና ከተማው በኡላንባታር የሚኖር ወዳጃችን ለናዳም፣ ማለትም ለትግል፣ ለቀስትና ለፈረስ ግልቢያ በዓላቸው ጠርቶን ነው። ትኬቱን ቆርጠናል፤ በኢስታንቡል በኩል ነው የምንገባው። የተወሰነውን ጊዜ ከተማ ውስጥ እንቆያለን። ከዚያ ሜዳው ላይ ጌር ውስጥ፣ ማለትም በሱፍ በተሸፈነው ክብ ቤታቸው ውስጥ እናድራለን።

እዚህ ለገጣፎ የጠየቅነው ሰው ሁሉ የሚነግረን ስለ ጄንጊስ ካን እና ስለ ብርዱ ነው። ስለ ምግቡ የሚያውቅ አላገኘንም። ባለቤቴ ጾም አትፈታም፤ ጉዟችን ደግሞ ከሰኔ ጾም ጋር ይገናኛል። እዚያ ከሥጋና ከወተት ውጭ ምንም የለም ብለው አስፈራርተውናል። እኔ በበኩሌ ጥሩ በግ ካገኘሁ አልጠላም፤ ሳላውቅ የፈረስ ሥጋ መብላት ግን አልፈልግም። መጠጡስ እንዴት ነው? ቤታቸው ገብተን የሰጡንን ካልጠጣን ይቀየማሉ?

ማታ ማታስ ምን ይደረጋል? ጭፈራ ቤት አያምረንም። የአገሩን ዘፈንና ጨዋታ ብናይ ደስ ይለናል። በአካል ሄዶ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረን።

ሳሚ፣ ጀሞ

አትጨነቁ። ዱባይ እያለሁ የሞንጎሊያ ባርቤኪው በልቻለሁ። ሥጋውንም አትክልቱንም፣ ሶሱንም ራስህ መርጠህ ትሰጣቸዋለህ። ሰፊ ክብ ብረት ላይ እያገላበጡ ይጠብሱልሃል። እሱን ካገኛችሁ ባለቤትህ አትክልት ብቻ ታስጠብሳለች፣ አለቀ።

ሐኪሟ፣ ሱሉልታ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ሱሉልታ ነው የምሠራው። ለትምህርት ኡላንባታር ኖሬያለሁ። የዚያ አገር ሰው ማዕድ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ሳሚ ያነሳውን ልመልስ። ያ ብረት ላይ የሚጠበሰው ምግብ የሞንጎሊያ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ የተጀመረ ነው፤ የሞንጎሊያ የሆነው ስሙ ብቻ ነው። ከውጭ ገብቶ ኡላንባታር ውስጥም ይሸጣል። ግን ብረቱ ላይ የሁሉም ሰው ሥጋ ስለሚጠበስ ለጿሚ ሰው አልመክረውም።

ጾሙን በተመለከተ ቀኑን ልብ በሉልኝ። ናዳም በየዓመቱ ከጁላይ 11 እስከ 13 ነው። በእኛ ከሐምሌ 4 እስከ 6 ማለት ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ደግሞ ሐምሌ 5 ነው። ስለዚህ ባለቤትህ የመክፈቻውን ቀን ትጾማለች፤ በማግስቱ እዚያው በበዓሉ መሀል ትፈታለች። ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ካልዋለ በቀር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ለመፍቻ ደግሞ ኹሹር አለላችሁ። የተፈጨ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በዘይት የሚጠበስ ነው። የናዳም ሰሞን ስታዲየሙን ዙሪያውን እየጠበሱ ይሸጣሉ። በትኩሱ ስትነክሱት መረቁ ይፈሳል፤ ልብሳችሁን ጠብቁ። ትግሉንም ሆነ ቀስት ውርወራውን የሚያየው ሰው ኹሹር በእጁ ይዞ ነው። ፈረስ ግልቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ እዚያም ኹሹር አይጠፋም።

እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ከተማው ውስጥ አትራቡም። ኡላንባታር ውስጥ ከሥጋም ከወተትም ነጻ የሆነ ምግብ ብቻ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ላቪንግ ሃት የሚባለውን ፈልጉ። የአገሩን ምግብ፣ ቡዙንም ጹይቫኑንም፣ ያለ ሥጋ ይሠሩታል። የኮሪያ ምግብ ቤትም በየመንገዱ ነው፤ ሩዝ በአትክልት ታገኛላችሁ። ኪምቺ በሚሉት የተብላላ ጎመን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ ነገር ይገባበታል። ዓሣ የማትበላ ከሆነ ትጠይቅ።

ጓንዝ የሚባሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች ለአንተ ናቸው። ጹይቫን እዘዝ። በቤት የተሠራ ወፍራም ፓስታ ከሥጋና ከትንሽ ካሮት ጋር ታፍኖ የሚበስል ነው። ሲያቀርቡት እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነው። ለጿሚ ግን ጓንዝ አይሆንም። "ማኽጉይ" ብላችሁ ያለ ሥጋ ስታዝዙ ሥጋውን አውጥተው በሥጋው መረቅ የበሰለውን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ክፋት አይደለም። ለእነሱ ጾም ማለት እኛ የምናውቀው አይደለም።

በሶና ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ሆቴሉ የሻይ ማፍያ ካለው በሶ መበጥበጥ ቀላል ነው። ጧት በሶ የጠጣች ሴት እስከ ማታ ችግር የለባትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የምትበሉትንና የማትበሉትን ለወዳጃችሁ በግልጽ ንገሩት። ስልክ ደውሎ ለጌሩ ባለቤቶች ይንገራቸው። እዚያ ደርሰን እናስረዳለን አትበሉ። ለእንግዳ በግ ይጣላል። በጉ አንዴ ከታረደ በኋላ "አልበላም" ማለት ለእናንተም ለእነሱም ይከብዳል። ቀድመው ካወቁ ግን ድንችና ሩዝ ከከተማ ያስመጣሉ፤ ዱቄትማ ሁልጊዜ አላቸው። በደንብ የተነገራቸው ሰዎች እንግዳቸውን ሲያስርቡ አላየሁም።

ስለ አስተራረዱም እወቁ፤ እኛ አገር ሰው ብዙም አይነግሯችሁም። በጉን በጀርባው ያስተኙታል። ደረቱ ሥር ትንሽ ይቀዱና እጃቸውን አስገብተው ትልቁን የደም ሥር ይበጥሱታል። ደሙ መሬት ላይ አይፈስም፤ ውስጥ ይጠራቀማል። በኋላ በጭልፋ ቀድተው አንጀት ውስጥ ይሞሉትና ይቀቅሉታል። በሙያዬ ስመለከተው ፈጣን ነው፤ እጃቸው የለመደ ነው። በእምነት በኩል ግን ለብዙዎቻችን ጥያቄ ያስነሳል። ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። በደም የተሞላውን አንጀት አልፈልግም ማለት ነውር አይደለም።

ካልከበዳችሁ ግን ኾርኾግ ሳትበሉ እንዳትመለሱ። ሠርተው ሲያቀርቡት ቆማችሁ ብታዩት ደግሞ ይበልጣል። ከወንዝ የተለቀሙ ድቡልቡል ድንጋዮች እሳት ውስጥ ይቀመጣሉ። በደንብ ከጋሉ በኋላ በጉጠት እያወጡ የወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራሉ። አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ከነአጥንቱ የተቆረጠ የበግ ሥጋ፣ ከዚያ ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጥቂት ውሃ። ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ይዘጉና እሳት ላይ ይጥዱታል። ከውጭም ከውስጥም ነው የሚበስለው። ሲከፈት ያለውን ሽታ እኔ መግለጽ አልችልም። ሥጋው ከመቅረቡ በፊት ድንጋዮቹ ይወጣሉ። ስብ የጠጡ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጣችሁ ትይዟቸዋላችሁ፤ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ። ያቃጥላል። ቶሎ ቶሎ አገላብጡ።

የፈረስ ሥጋ የሚበዛው በብርዱ ወራት ነው፤ ያሞቃል ብለው ያምናሉ። በሞቃቱ ወራትም ከሱቅ በሚገዛ ቋሊማ ውስጥ ሊኖር ይችላል። "አዱ" ብለህ ጠይቅ፤ ፈረስ ማለት ነው፤ በግልጽ ይነግሩሃል። የሚሸፍኑበት ምክንያት የላቸውም፤ ለእነሱ የተከበረ ሥጋ ነው።

ማርሞት የሚባል የሜዳ እንስሳ አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር፣ ድመት የሚያክል። በድንጋይ ጠብሰን እናብላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ እንቢ በሉ። እንደ ሐኪም ነው የምናገረው። አደኑ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እንስሳው ደግሞ የወረርሽኙን የፕሌግ በሽታ ይሸከማል። በ2019 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሞንጎሊያ ባልና ሚስት የማርሞት ኩላሊት ጥሬውን በልተው ሞተዋል። በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

መጠጥ። የመጀመሪያው የሚቀርብላችሁ ሱቴ ጻይ ነው። ወተት፣ ውሃ፣ ጥቂት የሻይ ቅጠል እና ጨው። ስኳር የለውም። ሲፈላ በጭልፋ ከፍ አድርገው እያፈሰሱ ያማቱታል። ገጠር ቡና በጨው የጠጣ ሰው አይደነግጥም። የፈላ ስለሆነ ለሆድም የሚያሰጋ አይደለም። ባለቤትህ እስክትፈታ "ኻር ጻይ" ትበል፤ ያለ ወተት ጥቁር ሻይ ይሰጧታል።

አይራግ የባዝራ ወተት ነው፤ ተቦክቶ የሚጠጣ። ከጁላይ ጀምሮ ስለሚገኝ በእናንተ ሰሞን ነው የሚደርሰው። ከላም ቆዳ በተሠራ አቁማዳ ውስጥ ሆኖ በር አጠገብ ይሰቀላል። የገባም የወጣም በመናጫው እንጨት ይንጠዋል። አልኮሉ ጥቂት ነው፣ 2 በመቶ አካባቢ። ይኮመጥጣል፤ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ችግሩ ያልፈላ ነው። ሞንጎሊያ ውስጥ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ በእንስሳት ላይ አለ፤ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ያልለመደ ሆድም ወዲያው ይረበሻል። መቅመስ ከፈለግህ ትንሽ ተጎንጭ፤ ጎድጓዳውን ሳህን ሙሉ አትጠጣ። ባዝራ ደግሞ ለእኛ ለኦርቶዶክሶች ከማይበሉት ወገን ናት። እኔ አልጠጣሁም። ከንፈሬን አስነክቼ በሁለት እጄ መለስኩ፤ ማንም አልተቀየመኝም።

እጅ ካነሳን አይቀር፣ አቀባበሉ አይቸግራችሁም። ቀኝ እጅን ዘርግቶ በግራ እጅ ክርንን ደግፎ መቀበል ነው። እናቶቻችን ያስተማሩን ነው፤ እዚያም ያው ነው። ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ሌላው፣ ስትገቡ የበሩን መድረክ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ምሰሶ አትደገፉ። እሳቱ ውስጥ ቆሻሻ አትጣሉ።

ቮድካ ይመጣል። አርኺ ይሉታል። ከእርጎ የሚወጣውን የቤት አረቄም በዚያው ስም ይጠሩታል፤ እሱ ንጹሕ ውሃ መስሎ ይቀርብና ሳታስቡት ራስ ላይ ይወጣል። አንድ ብርጭቆ ነው የሚዞረው። አስተናጋጁ ቀድቶ ይሰጥሃል፤ ጠጥተህ ለእሱ ትመልሳለህ፤ ሞልቶ ለቀጣዩ ይሰጣል። ብዙዎቹ ሳይጠጡ በፊት የቀለበት ጣታቸውን ነክረው ወደ ሰማይ፣ ወደ ነፋስ፣ ወደ መሬት ይረጫሉ። ይህ ከእምነታችሁ ጋር የማይሄድ ከሆነ ተዉት፤ እንግዳን አያስገድዱም። የማይጠጣ ሰው ብርጭቆውን ተቀብሎ ከንፈሩን አስነክቶ ይመልሳል። ዋናው መቀበሉ ነው። እጅን እያወዛወዙ "አይ አይ" ማለት ነው የሚያስከፋቸው። ቢራ ከወደድክ ሴንጉር እና አልታን ጎቢ የአገሩ ናቸው።

ስለ ማታው በኋላ እመለሳለሁ፤ አሁን አንድ ላም ልታምጥ ነው ብለው ደውለውልኛል።

ባለመሰንቆው፣ ሰበታ

ሐኪሟ እስክትመለስ እኔ ስለ ማታው ልበል። ሞንጎሊያ አልደረስኩም። መሰንቆ ይዤ ለባህል ዝግጅት ቤጂንግ ተጉዤ ሳለሁ ግን የሞንጎሊያ ሙዚቀኞች ከእኛ ቀጥለው ተጫወቱ። ያን ማታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሞሪን ኹር የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ሁለት ገመድ አለው፤ የእኛ መሰንቆ አንድ ነው። ገመዱ በባህሉ የፈረስ ጭራ ነው፤ የእኛም እንደዚያው። ወፍራሙ ከድንጉላ ጭራ፣ ቀጭኑ ከባዝራ ጭራ ይሠራል ይላሉ። አንገቱ ጫፍ ላይ የፈረስ ራስ ተቀርጾበታል። ተጫዋቹ ጉልበቱ መሀል ያቆመዋል። ጣቱን አየሁት፤ ገመዱን ወደ እንጨቱ አይጫንም፤ አየር ላይ ነው የሚነካው። እኔም እንደዚያ ነው የምጫወተው። ከዝግጅቱ በኋላ መሰንቆዬን ሰጠሁት፤ ቋንቋ ሳንግባባ ወዲያው አዜመበት።

ኾሚ የሚባለውን ደግሞ በቴፕ ሰምታችሁ አትፍረዱ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ያወጣል። ከታች ወፍራም ድምፅ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ከላይ ፉጨት የመሰለ ቀጭን ዜማ ይወጣል። እኔ ሌላ ሰው ከኋላ የሚያፏጭ መስሎኝ ዘወር አልኩ። ረጅም ዘፈን የሚሉትም አለ፣ ኡርቲን ዱ። አሥር ቃል ብቻ ያለው ዘፈን አራት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ቃሉ ተስቦ ተስቦ ሜዳውን ያስሳል። ሞሪን ኹሩም ረጅም ዘፈኑም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናቸው፤ ኾሚ በ2010 እ.ኤ.አ. ገብቷል።

ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን ሳትሰሙ እንዳትመጡ። የት እንደሚገኝ ሐኪሟ ትንገራችሁ።

ሐኪሟ፣ ሱሉልታ

ላሟም ጥጃዋም ደህና ናቸው፤ ተመልሻለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ የነገሩንን ያህል እኔ መናገር አልችልም ነበር።

የሚገኝበትን ልንገራችሁ። ኡላንባታር ውስጥ ቱመን ኤኽ የሚባል የባህል ቡድን አለ። እናንተ በምትሄዱበት በሞቃቱ ወራት ለጎብኚ በየማታው ይጫወታሉ፤ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት፣ በእኛ አቆጣጠር። ሞሪን ኹር፣ ኾሚ፣ ረጅም ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ጭምብል ለብሰው የሚያሳዩት የገዳም ጭፈራ፣ እንደ ጎማ የሚተጣጠፉ ልጆች፤ ሁሉም በአንድ ማታ ይቀርባል። የዚያን ቀን ሰዓቱን ከሆቴላችሁ አረጋግጡ። በናዳም ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ገንዘባችሁን ለአንድ ማታ ብቻ የምታወጡ ከሆነ ለዚህ አውጡት።

አንድ የሚያስገርማችሁ ነገር አለ። ከቲያትሩ ስትወጡ ፀሐይ አልጠለቀችም። በጁላይ እስከ 3 ሰዓት ገደማ ብርሃን ነው። ስለዚህ ወደ ሱኽባታር አደባባይ በእግራችሁ ሂዱ። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸራል፤ አይስክሬም ይበላል፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። የበዓሉ ሰሞን ኮንሰርትም ይኖራል። የኦፔራና ባሌት ቲያትሩ እዚያው አደባባዩ ዳር ነው፤ ፕሮግራም ካለው ግቡ፤ የሞንጎሊያ ድምፃውያን በጣም ጥሩ ናቸው።

ከመሸ በኋላ ወጣቱ የሚሄደው ሴኡል ጎዳና አካባቢ ነው፤ ቢራ ቤትና ካራኦኬ ነው። ካራኦኬ ይወዳሉ፤ ለብቻ ክፍል ተከራይተው ከቤተሰብ ጋር ይዘፍናሉ፤ ወዳጃችሁ ቢጋብዛችሁ ሂዱ፣ ንጹሕ ጨዋታ ነው። ከዚያ ውጭ ሌሊት ብቻችሁን አትዙሩ። የሰከረ ሰው ያጋጥማል፤ በግርግር ኪስ ይዳበሳል። ታክሲ ዩቢ ካብ በሚባለው መተግበሪያ ጥሩ፤ ማንም መኪና ቆሞ ልውሰዳችሁ ይላል፤ ተዉት።

ጌር ውስጥ ያለው ማታ ደግሞ ሌላ ነው። ሻጋይ የሚባል ጨዋታ አላቸው። ከበግ ቁርጭምጭሚት የሚወጣ ትንሽ አጥንት ነው። አራት ገጽ አለው፤ እያንዳንዱ ገጽ ፈረስ፣ ግመል፣ በግ፣ ፍየል ይባላል። ይበትኑትና በወደቀበት ገጽ ይጫወታሉ። ሕፃንም ሽማግሌም ይጫወታል። ከዚያ ዘፈን ይመጣል። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ተራው እንግዳው ጋ ይደርሳል። "እኔ አልችልም" ማለት አይሠራም። ከአሁኑ አንድ ዘፈን አዘጋጁ። ድምፃችሁ ያማረ መሆን የለበትም፤ እስከ መጨረሻው መዝፈናችሁን ነው የሚፈልጉት።

ጋቢ ያዙ። የሐምሌ ሌሊት ሜዳው ላይ እንጦጦ ጫፍ ላይ እንደማደር ነው።

ኑሪያ፣ ቡራዩ

ሐኪሟ፣ አላህ ይስጥሽ፤ ስለ አስተራረዱ በማንሳትሽ በተለይ። የእኔ ወንድምም ለሥራ ወደዚያ ሊላክ ነው። ሐላል ያገኛል? ወይስ በቱና ብቻ ሊኖር ነው?

ሐኪሟ፣ ሱሉልታ

ኑሪያዬ፣ በጓንዝ እና በጌር የሚቀርበው ሥጋ በዚያ በነገርኩሽ መንገድ የታረደ ነው፤ ሐላል አይደለም። ግን ሙስሊም ሞንጎሊያውያን አሉ፤ ካዛኮቹ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ባያን ኡልጊ በሚባለው ምዕራባዊ ክፍለ አገር ነው። ሥራው ወደዚያ ከሆነ ምንም አይቸገርም፤ መስጊድም አለ፣ የሚታረደውም በሃይማኖቱ ነው። ከኡላንባታር ግን ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የፈረስ ቋሊማ፣ ካዚ የሚሉት፣ የካዛኮቹ ትልቅ ግብዣ ነው፤ የማይፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር።

ኡላንባታር ከሆነ የካዛክ፣ የቱርክ እና የሕንድ ምግብ ቤቶችን ይፈልግና ሥጋው ከየት እንደሚመጣ በቀጥታ ይጠይቅ። ስሙ የቱርክ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ለጿሚ የነገርኳቸው ከሥጋ ነጻ ቤቶች ለእሱም ይሆናሉ። አይራግ አልኮል ስላለው ይለፈው። አሩል ግን ይብላ፤ በፀሐይ የደረቀ የእርጎ ድፍድፍ ነው። ድንጋይ ይመስላል፤ አይነከስም። አፍ ውስጥ አስቀምጦ ቀስ ብሎ መምጠጥ ነው፤ ለመንገድ ጥሩ ስንቅ ነው። ቱናውንም ይያዝ።

የለገጣፎው

ሐኪሟ፣ ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ ምን ልበላችሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሐምሌ 5ን ስትሰማ ዕልል አለች። ለወዳጃችን ዛሬውኑ ደውዬ ለጌሩ ሰዎች እንዲነግር አድርጌያለሁ፤ "ስለነገራችሁኝ ደስ ብሎኛል፤ ለእናንተ ድንች አስጭናለሁ" አለኝ። ንስሐ አባታችንንም እሑድ እናገኛቸዋለን።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቤታቸው ስንገባ ምን ይዘን እንሂድ? ደግሞ ቡዝ የምትሉትን ምግብ በስሙ አነሳችሁት እንጂ አላስረዳችሁንም።

ሐኪሟ፣ ሱሉልታ

ስጦታ ቡና ውሰዱ፤ ተቆልቶ የተፈጨ ይሁን። ለልጆች ከረሜላ ወይም ደብተር። እሱንም በሁለት እጅ ስጡ። ሲቀበሉ እያያችሁ ከፍተው ካልተደሰቱ አይክፋችሁ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ያስቀምጡትና በኋላ ነው የሚያዩት።

ቡዝማ የአገሩ ራስ ነው። ዋና ጊዜው በፌብሩዋሪ አካባቢ የሚውለው የጨረቃ ዘመን መለወጫቸው ነው፤ ጻጋን ሳር። ያን ጊዜ አንድ ቤት በመቶዎች የሚቆጠር ቡዝ ሠርቶ ውጭ ብርዱ ላይ በረዶ ያደርገዋል፤ እንግዳ ሲመጣ እያወጣ በእንፋሎት ያበስላል። ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል።

እኔ እዚህ ሱሉልታ እሠራዋለሁ። ዱቄትና ውሃ ብቻ ተቦክቶ ትንሽ ያርፋል። ሥጋው ስብ ያለው በግ መሆን አለበት፤ ቀይ ብቻ ከሆነ ይደርቃል። በቢላ ደቀቅ አድርጌ እከትፈዋለሁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ውሃ። በርበሬ የለም፤ ቅመምም የለም። ሊጡን ክብ አድርጎ መዳመጥ ነው፤ መሀሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ይበል። ሥጋው መሀል ይቀመጥና ዳሩ በጣት እየተቆነጠጠ ዙሪያውን ይሰበሰባል። አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። ሃያ ደቂቃ በእንፋሎት። ክዳኑ ሲነሳ በሰሌዳ ወይም በሳህን ያራግቡታል፤ ሊጡ ያብረቀርቃል፣ አይጣበቅም። ሲበላ በእጅ ተይዞ ጫፉ ትንሽ ይነከሳል፤ መረቁ መጀመሪያ ይመጠጣል። ሹካ የወጋበት ሰው መረቁን ሳህን ላይ ያፈሰዋል፤ ያሳዝናል።

የሰኔ ጾም ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤትህን ይዘህ ና። በጉን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ዱቄት አንተ ያዝ። ሳሚም ኑሪያም ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ለኑሪያ በድንችና በጎመን ለብቻው እንሠራለን፣ ድስቱም የተለየ ይሆናል። ጋሼ ፈቃድዎ ከሆነ መሰንቆውን ይዘው ይምጡ። ቀኑን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።